ስለ አሚኖ አሲድና ኢሚኖ አሲድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከመሠረታዊው ተነሥተው ወደ አከራካሪው የሚሄዱ ጥያቄዎች ናቸው፤ እያንዳንዱን መልስ ለብቻው ማንበብ ይቻላል።

አሚኖ አሲድ ምንድን ነው?

በአንድ ሞለኪውል ላይ ሁለት ተቃራኒ ጠባይ ያላቸው ክፍሎች የተገናኙበት ውሁድ ነው። አንደኛው ናይትሮጅን የያዘው አሚኖ ክፍል ነው፤ ጠባዩ የቤዝ ነው። ሁለተኛው ካርቦክሲል የሚባለው ክፍል ነው፤ ጠባዩ የአሲድ ነው። ፕሮቲን በሚሠሩት አሚኖ አሲዶች ሁለቱም የሚያያዙት አልፋ ካርቦን በተባለው አንድ ካርቦን ላይ ነው። ካርቦን ከሌሎች አቶሞች ጋር የሚያያዝበት አራት እጅ ስላለው ሦስተኛው እጅ አንድ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ አራተኛው ደግሞ የጎን ሰንሰለት የሚባለውን ይይዛል።

አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው የሚለየው ይህ አራተኛው እጅ የያዘው ነገር ነው። በግላይሲን ላይ ሌላ ሃይድሮጅን ብቻ ነው። በትሪፕቶፋን ላይ ተጣብቀው የቆሙ ሁለት ቀለበቶች ናቸው። አንዳንዱ የጎን ሰንሰለት እንደ ዘይት ውሃን ይሸሻል፤ አንዳንዱ ውሃ ይወዳል፤ ሌላው አወንታዊ ወይም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ተሸክሞ ይዞራል። ፕሮቲን ተጣጥፎ ቅርጽ የሚይዘው በእነዚህ መሳሳብና መገፋፋት ነው።

ኢሚኖ አሲድስ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ናይትሮጅኑ ላይ ነው። ናይትሮጅን ሦስት እጅ አለው። በተለመደው አሚኖ አሲድ በአንዱ እጁ አልፋ ካርቦንን፣ በቀሩት ሁለት እጆቹ ሁለት ሃይድሮጅኖችን ይይዛል። በኢሚኖ አሲድ ግን አንዱን ካርቦን በሁለት እጁ ጨብጦ ይይዘዋል፤ ማለትም በካርቦንና በናይትሮጅን መካከል ድርብ ትስስር አለ። ይህ ትስስር ኢሚን ይባላል፤ የአሲዱም ስም የተወሰደው ከዚሁ ነው።

የሁለቱ ዕድሜ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አሚኖ አሲድ በጠርሙስ ውስጥ ለዓመታት ሳይበላሽ የሚቀመጥ ነጭ ዱቄት ነው። ኢሚኖ አሲድ ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ እንዳገኘ ይፈርሳል፤ ናይትሮጅኑ አሞንያ ሆኖ ይወጣል፣ የቀረው አካል በናይትሮጅኑ ቦታ ኦክስጅን የያዘ ኬቶ አሲድ ይሆናል። ብዙ ሰው አሚኖ አሲድን በስሙ ሲያውቅ ኢሚኖ አሲድን ሰምቶ የማያውቀው ለዚህ ይመስለኛል፤ ሕዋስ ውስጥ ብቅ ብሎ የሚጠፋ መንገደኛ ነው።

ፕሮሊን አሚኖ አሲድ ነው ወይስ ኢሚኖ አሲድ?

በተማሪዎች ዘንድ ከሁሉ በላይ የሚያጨቃጭቀው ጥያቄ ይህ ነው። በአሁኑ የኬሚስትሪ ስያሜ መሠረት ፕሮሊን አሚኖ አሲድ ነው። ልዩ የሚያደርገው የጎን ሰንሰለቱ ዞሮ መጥቶ የራሱኑ ናይትሮጅን መያዙ ነው፤ በዚህም አምስት አቶሞች ያሉት ቀለበት ይፈጠራል። ስለዚህ ናይትሮጅኑ ሁለት የተለያዩ ካርቦኖችንና አንድ ሃይድሮጅንን ይይዛል። ድርብ ትስስር ግን የለውም። ድርብ ትስስር ከሌለ ኢሚን የለም፤ ኢሚን ከሌለ ደግሞ ኢሚኖ አሲድ ማለት አይቻልም። ትክክለኛ መጠሪያው ሁለተኛ ደረጃ አሚን፣ ማለትም ሁለት ካርቦኖችን የያዘ ናይትሮጅን፣ ያለው አሚኖ አሲድ ነው።

ታዲያ ብዙ የሕክምናና የባዮኬሚስትሪ መጻሕፍት ለምን ኢሚኖ አሲድ ይሉታል? በቀድሞው አነጋገር በሁለት ካርቦኖች መካከል የቆመና አንድ ሃይድሮጅን ብቻ የቀረው ናይትሮጅን ራሱ ኢሚኖ ይባል ነበር። ፕሮሊንን ሪቻርድ ቪልሽቴተር በ1900 በቤተ ሙከራ ሠራው፤ ኤሚል ፊሸር ደግሞ በ1901 ከወተት ፕሮቲን ውስጥ አገኘው። በዚያ ዘመን ሥር የሰደደው ልማድ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ስያሜ አውጪ አካል ግን ለፕሮሊንና ለመሰሎቹ ይህን ስም መጠቀም ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ገልጿል። በፈተና ላይ ኢሚኖ አሲድ የሆነው የቱ ነው የሚል ጥያቄ ቢመጣ ጠያቂው የሚፈልገው ፕሮሊንን ነው፤ መልሱን ስጡ፣ ስሕተቱን ግን በልባችሁ ያዙ።

ስንት አሚኖ አሲዶች አሉ?

ሕያዋን ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የዘረመል ፊደል ውስጥ የተጻፉት 20 ናቸው። ሰሊኒየም የያዘው ሰሌኖሲስቴይን 21ኛ ይባላል፤ በሰውም አካል ውስጥ በጥቂት ፕሮቲኖች ላይ ይገኛል። 22ኛው ፒሮላይሲን ሲሆን በ2002 ይፋ ሆነ፤ የሚገኘውም ሚቴን በሚያመነጩ አንዳንድ ጥቃቅን ፍጥረታት ውስጥ ነው። እግረ መንገዴን ልጥቀስና፣ ፒሮላይሲን በጎን ሰንሰለቱ ጫፍ ባለው ቀለበት ላይ እውነተኛ የኢሚን ትስስር አለው፤ ኢሚኖ አሲድ የሚል ስም የተሰጠው ፕሮሊን ግን የለውም።

ፕሮቲን ውስጥ የማይገቡትን ከጨመርን በተፈጥሮ የታወቁት ከ500 በላይ ይሆናሉ። ከ20ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው አስፓራጂን ነው፤ ቮክላንና ሮቢኬ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1806 አስፓራገስ ከተባለው አትክልት ጭማቂ ለዩት። የመጨረሻው ትሪዮኒን ነው፤ ዊልያም ሮዝ በ1935 አገኘው። 20ዎቹን ለቅሞ ለመጨረስ 129 ዓመት ፈጅቷል ማለት ነው።

ስሙ አሲድ ከሆነ ለምን እንደ ሎሚ አይኮመጥጥም?

አሲዱና ቤዙ በአንድ ሞለኪውል ላይ ስላሉ እርስ በርሳቸው ይቻቻላሉ። ካርቦክሲሉ ያለውን ሃይድሮጅን አዮን ይለቃል፤ አሚኖው ይቀበለዋል። ውጤቱ በአንድ ጫፍ አሉታዊ፣ በሌላው ጫፍ አወንታዊ ሙል ያለው፣ በጠቅላላው ግን ሙል አልባ የሆነ ሞለኪውል ነው። ዝዊተርአዮን ይሉታል። ግላይሲን ለምሳሌ ጣፋጭ ነው፤ ስሙም የወጣው ጣፋጭ ከሚል የግሪክ ቃል ነው።

ከዚህ የተነሣ ጠባዩ ወደ ጨው ያዘነብላል። በመጠን ብዙም የማይርቀው የኮምጣጤ አሲድ በ17 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲቀልጥ፣ ግላይሲን ከ230 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ አይነቃነቅም፤ ያኔም ከመቅለጥ ይልቅ ይፈራርሳል። የአሲድነት መለኪያ የሆነው ፒኤች ዝቅ ሲል (አሲድነቱ ሲበዛ) አወንታዊው፣ ከፍ ሲል አሉታዊው ሙል ይገንናል፤ ሁለቱ እኩል የሚሆኑበት ነጥብ ለግላይሲን 6 ገደማ ነው። ደምና ሕዋስ ድንገተኛ የአሲድነት ለውጥን የሚቋቋሙት በከፊል በፕሮቲኖቻቸው ላይ ባሉ እንዲህ ባሉ ክፍሎች ነው፤ በተለይ በሂስቲዲን።

የግራና የቀኝ አሚኖ አሲድ የሚባለው ምንድን ነው?

አልፋ ካርቦን አራት የተለያዩ ነገሮችን ሲይዝ በሁለት መልክ ሊቆም ይችላል፤ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው። ቀኝ እጅ በግራ እጅ ጓንት ውስጥ እንደማይገባ ሁሉ፣ ሁለቱ ተደራርበው አይገጥሙም። ሁለት ሃይድሮጅን የያዘው ግላይሲን ብቻ ከዚህ ነጻ ነው። በሕዋስ ውስጥ የፕሮቲን መሥሪያ የሆነው ሪቦሶም የሚጠቀመው የግራውን ብቻ ነው።

የቀኙ ግን ከሕይወት ጨርሶ የራቀ አይደለም። ባክቴሪያዎች የሕዋስ ግድግዳቸውን ሲገነቡ የቀኝ አላኒንን ይጠቀማሉ፤ ቫንኮማይሲን የተባለው ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒት የሚይዘውም ሁለት የቀኝ አላኒኖች የተያያዙበትን ጫፍ ነው። በአንጎል ውስጥ ደግሞ የቀኝ ሴሪን መልእክት በማስተላለፍ ይሠራል።

አሚኖ አሲዶች ተያይዘው ፕሮቲን የሚሆኑት እንዴት ነው?

የአንዱ ካርቦክሲል ከሌላው አሚኖ ጋር ሲገናኝ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል፤ የሚቀረው ትስስር ፔፕታይድ ይባላል። ይህ ትስስር ስሙ ነጠላ ቢሆንም በከፊል የድርብ ጠባይ ስላለው በቀላሉ አይሽከረከርም፤ ዙሪያው ያሉት አቶሞች እንደ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይቆማሉ። ላይነስ ፖሊንግና ሮበርት ኮሪ ይህን በመረዳታቸው በ1951 አልፋ ሄሊክስ የተባለውን ጠመዝማዛ ቅርጽ አቀረቡ፤ በአንድ ዙር 3.6 አሚኖ አሲዶች ይውላሉ።

ፕሮሊን ሲገባ ሰንሰለቱ ለምን ይታጠፋል?

አሁንም የናይትሮጅንን እጆች ቁጠሩ። ተራ አሚኖ አሲድ በፔፕታይድ ሲያያዝ ናይትሮጅኑ አንድ ሃይድሮጅን ይተርፈዋል። ያ ትርፍ ሃይድሮጅን በሄሊክሱ ውስጥ አራት ቦታ ወደ ኋላ ያለውን ኦክስጅን እየሳበ ጠመዝማዛውን እንደ ስፌት አጥብቆ ይይዛል። ፕሮሊን ግን አንዱን እጁን ለቀለበቱ ስለሰጠ በፔፕታይድ ሲታሰር የሚተርፈው ሃይድሮጅን የለም። ስፌቱ እዚያ ላይ ይተረተራል። በዚያ ላይ ቀለበቱ ግትር ስለሆነ ሰንሰለቱ እንደልቡ እንዲዞር አይፈቅድም። ፕሮሊን በሄሊክስ መሐል ሲገኝ ጉብጠት የሚፈጥረው፣ በፕሮቲኑ መታጠፊያዎች ላይ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በአብዛኞቹ የፔፕታይድ ትስስሮች ላይ ሁለቱ ጎረቤት አልፋ ካርቦኖች በተቃራኒ ጎን ይቆማሉ፤ በአንድ ጎን መቆማቸው እጅግ ብርቅ ነው። ከፕሮሊን በፊት ባለው ትስስር ላይ ግን ሁለቱም አቋቋሞች በጉልበት ስለሚቀራረቡ ከ100 ውስጥ 5 ወይም 6 ያህሉ በአንድ ጎን ይገኛሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መዞሩ በራሱ ቀርፋፋ ነው፤ አዲስ ፕሮቲን ተጣጥፎ እስኪጨርስ ወረፋ የሚያስጠብቀው አንዳንዴ ይኸው ነው። ሕዋስም ይህን የሚያፋጥኑ ኢንዛይሞች አሉት። ከእነዚህ አንዱ ሳይክሎፊሊን ሲሆን፣ የአካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ ሰዎች የሚወስዱት ሳይክሎስፖሪን የሚጣበቀው በእሱ ላይ ነው። መድኃኒቱ የመከላከል አቅምን የሚገታው ግን የማዞር ሥራውን በማስቆም ሳይሆን፣ ሁለቱ ተጣብቀው ካልሲኒውሪን የተባለ ሌላ ኢንዛይም ስለሚያግዱ ነው።

ኮላጅን፣ ፕሮሊንና ቫይታሚን ሲ ምን ያገናኛቸዋል?

ኮላጅን የቆዳ፣ የአጥንት፣ የጅማትና የደም ሥር ግድግዳ ዋና ማገር ነው። ሦስት ሰንሰለቶች እንደ ገመድ ተገምደው ይሠሩታል። በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ በየሦስተኛው ቦታ ግላይሲን ይቀመጣል፤ ከግላይሲን የሰፋ ማንም አሚኖ አሲድ በገመዱ መሐል ባለው ጠባብ ቦታ አይገባም። በቀሩት ሁለት ቦታዎች ላይ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን ይበዛሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከሰንሰለቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ይይዛሉ። ቅድም ሄሊክስ አፍራሽ ያልነው ግትርነት እዚህ በረከት ሆነ፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት አስቀድሞ ለመገመድ የሚመች አቋም ይይዛል።

ሃይድሮክሲፕሮሊን በዘረመል ፊደል ውስጥ የለም። መጀመሪያ ፕሮሊን በሰንሰለቱ ላይ ይገባል፤ ከዚያ ኢንዛይም መጥቶ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ይጨምርበታል። ኢንዛይሙ በመሐሉ የብረት አቶም አለው፤ ብረቱ እንዳይዝግ፣ ማለትም በኦክስጅን ተበልቶ ከሥራ እንዳይወጣ የሚጠብቀው ቫይታሚን ሲ ነው። ቫይታሚኑ ሲጠፋ ኮላጅኑ ሃይድሮክሲፕሮሊን ያንሰዋል፤ የተገመደው ገመድ በሰውነት ሙቀት ላይ ይላላል። ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስል እንደገና ይከፈታል። ይህ ስከርቪ የተባለው በሽታ በረጅም ጉዞ ላይ መርከበኞችን ሲፈጅ ኖሯል። ጄምስ ሊንድ በ1747 ሳልስበሪ በተባለች መርከብ ላይ 12 ሕሙማንን ሁለት ሁለት አድርጎ የተለያየ ነገር ሰጣቸው፤ ፈጥነው ያገገሙት ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ነበሩ። ሊንድ ስለ ፕሮሊን የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ፕሮሊን እስኪገኝ ገና ከ150 ዓመት በላይ ይቀር ነበር።

ኮላጅን መብላት በቀጥታ ኮላጅን ይሆናል ወይ ለሚሉም አጭሩ መልስ አይሆንም ነው። ሆድና አንጀት ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮችና ወደ ነጠላ አሚኖ አሲዶች ይፈጩታል። ከዚያ ውስጥ የሚገኘው ሃይድሮክሲፕሮሊን ተመልሶ በአዲስ ኮላጅን ላይ ሊገባ አይችልም፤ የሚያስገባው ፊደል የለውምና።

አስፈላጊ አሚኖ አሲዶች የሚባሉት የትኞቹ ናቸው? ሌሎቹስ አያስፈልጉም ማለት ነው?

ስሙ አሳሳች ነው፤ ሁሉም ያስፈልጋሉ። አስፈላጊ የተባሉት ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው የማይችላቸውና ከምግብ የግድ መምጣት ያለባቸው 9 ናቸው፦ ሂስቲዲን፣ አይሶሉሲን፣ ሉሲን፣ ላይሲን፣ ሜቲዮኒን፣ ፌኒላላኒን፣ ትሪዮኒን፣ ትሪፕቶፋንና ቫሊን። እህሎች ባብዛኛው ላይሲን ያጥራቸዋል፤ ጥራጥሬዎች ደግሞ ሜቲዮኒን። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል።

ፕሮሊንን ሰውነት ከግሉታሜት ይሠራዋል። በከባድ ቃጠሎ ወይም ቁስል ጊዜ ግን ፍላጎቱ ከምርቱ ሊበልጥ ይችላል፤ ስለዚህ እንደ አርጊኒንና ግሉታሚን ሁሉ እንደ ሁኔታው አስፈላጊ ከሚባሉት ወገን ይመደባል።

አሚኖ አሲዶች ፕሮቲን ከመሥራት ሌላ ምን ጥቅም አላቸው?

ዝርዝሩ ረጅም ነው፤ ጥቂቱን ብቻ ላንሣ። ግሉታሜት በአንጎል ውስጥ ዋናው አነቃቂ መልእክተኛ ነው፤ ከእሱ ካርቦክሲል አንዱ ሲነሣ የሚገኘው ጋባ ደግሞ ዋናው አረጋጊ ነው። ከታይሮሲን ዶፓሚን፣ አድሬናሊን፣ የታይሮይድ ሆርሞኖችና የቆዳ ቀለም የሆነው ሜላኒን ይሠራሉ። ትሪፕቶፋን ሴሮቶኒንንና ሜላቶኒንን ይሰጣል፤ ሂስቲዲን ሂስታሚንን፤ አርጊኒን የደም ሥርን የሚያላላውን ናይትሪክ ኦክሳይድ። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚይዘው የሂም ቀለበት ሲሠራ ናይትሮጅኑን የሚያዋጣው ግላይሲን ነው።

ፕሮሊንም የራሱ ድርሻ አለው። ብዙ ዕፀዋት ድርቅ ወይም ጨዋማ አፈር ሲያጋጥማቸው ፕሮሊን በሕዋሳቸው ያከማቻሉ፤ በውሃ ውስጥ ከመጠን በላይ ስለሚሟሟ ሕዋሱን ሳይጎዳ ውሃ ይዞ ያቆያል። ቆላ ዝንብ ደግሞ ስትበር ዋናው ነዳጇ ፕሮሊን ነው።

ትርፍ አሚኖ አሲድ የት ይሄዳል? እውነተኛው ኢሚኖ አሲድ የሚታየውስ የት ነው?

ስብ በስብነቱ፣ ስኳር በግላይኮጅን መልክ ይከማቻል፤ አሚኖ አሲድ ግን ማከማቻ የለውም። ትርፉ ናይትሮጅኑን ማራገፍ አለበት። የመጀመሪያው እርምጃ አሚኖውን ለሌላ ኬቶ አሲድ ማስረከብ ነው፤ ተረካቢው ብዙውን ጊዜ ተለውጦ ግሉታሜት ይሆናል። ይህን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ከቫይታሚን ቢ6 የተሠራ ረዳት አላቸው፤ ረዳቱ አሚኖ አሲዱን የሚይዘው በኢሚን ትስስር ነው። ሐኪም የጉበት ምርመራ ሲያዝ ከሚለኩት ውስጥ ሁለቱ እነዚህ ኢንዛይሞች ናቸው።

ቀጥሎ ግሉታሜት ዲሃይድሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከግሉታሜት ላይ ሃይድሮጅን ይወስዳል። ናይትሮጅኑ ሃይድሮጅን ሲያጣ ባዶ የቀረው እጁ ወደ ካርቦኑ ይዞራል፤ ድርብ ትስስር ይፈጠራል፤ ኢሚኖ አሲድ ተወለደ ማለት ነው። ዕድሜው ግን ውሃ እስኪደርስበት ነው። ውሃው አሞንያን ያላቅቀዋል፤ አሞንያውም በጉበት ውስጥ ወደ ዩሪያ ይለወጣል። ይህን የዩሪያ ዑደት ሐንስ ክሬብስና ኩርት ሄንዘላይት በ1932 ገለጹት። አሚኖ አሲድ ኦክሲዴዝ የሚባሉት ኢንዛይሞችም በተመሳሳይ መንገድ ኢሚኖ አሲድ ይሠራሉ። ከእነዚህ አንዱ በብዙ እባቦች መርዝ ውስጥ ይገኛል፤ የመርዙ ቢጫ ቀለም የሚመጣውም ኢንዛይሙ ከያዘው የቫይታሚን ቢ2 ውጤት ነው።

ኢሚኖ አሲድ በራሱ ጊዜ ይፈርሳል ተብሎ ግን ዝም አይባልም። አንዳንዶቹ ከመፍረሳቸው በፊት ሌሎች ኢንዛይሞችን ሊያበላሹ ይችላሉ። ስለዚህ ከባክቴሪያ እስከ ሰው ድረስ፣ እነዚህን ቶሎ በውሃ የሚያፈርስ ሪድኤ የተባለ የፕሮቲን ቤተሰብ አለ። ለሰከንዶች ብቻ ለሚኖር ነገር ዘበኛ መቆሙ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል።

ፕሮሊንም ናይትሮጅኑን በዚያው መንገድ ያራግፋል?

አያራግፍም። ናይትሮጅኑ በቀለበቱ ታስሮ ስለተያዘ እንደሌሎቹ አውጥቶ ለሌላ ማስረከብ አይችልም። መጀመሪያ የሕዋስ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሁለት ሃይድሮጅን ይወስድበታል፤ በቀለበቱ ውስጥ በካርቦንና በናይትሮጅን መካከል ድርብ ትስስር ይፈጠራል። የሚገኘው ውሁድ ፒሮሊን ካርቦክሲሌት ይባላል፤ በውሃ ቀለበቱ ይከፈትና በሌላ ኢንዛይም ወደ ግሉታሜት ይለወጣል። ኢሚኖ አሲድ ተብሎ የሚታማው ፕሮሊን የኢሚን ትስስር የሚያገኘው ፕሮሊንነቱን ሲተው ብቻ ነው።

በኒንሃይድሪን ምርመራ ፕሮሊን ለምን ቢጫ ይሆናል?

ኒንሃይድሪን አሚኖ አሲድ መኖሩን በቀለም የሚያሳይ ኬሚካል ነው፤ ከተለመዱት አሚኖ አሲዶች ላይ ናይትሮጅኑን ነጥቆ በሁለት ሞለኪውሎቹ መሐል ያስረዋል፤ በዚህም ሐምራዊ ቀለም ይፈጠራል። ይህን ዚግፍሪድ ሩሄማን በ1910 አገኘው። ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን ናይትሮጅናቸውን እንዲያ አያስነጥቁም፤ ከነቀለበታቸው ከኒንሃይድሪን ጋር ተያይዘው ሌላ ውሁድ ይሠራሉ፤ እሱም ቢጫ ነው። በመሣሪያ ሲለካ ሐምራዊው በ570፣ ቢጫው በ440 ናኖሜትር ይነበባል። ፖሊስ በወረቀት ላይ የቀረ የጣት አሻራን በሐምራዊ ቀለም የሚያወጣውም በዚሁ ኬሚካል ነው፤ ላብ ውስጥ አሚኖ አሲድ አለና።

ሽንት ውስጥ ኢሚኖ አሲድና ግላይሲን ተገኘ ማለት በሽታ ነው?

ኢሚኖግላይሲኑሪያ የሚባለው ሁኔታ ነው፤ እዚህ ኢሚኖ የተባሉት በአሮጌው ስያሜ ፕሮሊንና ሃይድሮክሲፕሮሊን ናቸው። ኩላሊት እነዚህን ሁለቱንና ግላይሲንን ከሽንት ወደ ደም የሚመልሰው በጋራ አጓጓዦች ነው። አጓጓዡ ሲጎድል ሦስቱም አብረው ይወጣሉ። በአራስ ሕፃናት ላይ ኩላሊታቸው ገና ስላልበሰለ በመጀመሪያዎቹ ወራት መታየቱ የተለመደ ነው። በዘር የሚተላለፈውም ዓይነት ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም። ቢሆንም በደም ውስጥ ፕሮሊን ከመጠን በላይ ሲበዛም ተመሳሳይ ውጤት ሊታይ ስለሚችል፣ ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም ደሙንም ማየቱ ተገቢ ነው።

ፕሮሊን የበዛበት ፕሮቲን ለመፈጨት ለምን ያስቸግራል?

አብዛኞቹ የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች የፕሮሊን ቀለበት ይደናቀፍባቸዋል። ትሪፕሲን ለምሳሌ ከላይሲንና ከአርጊኒን ቀጥሎ ይቆርጣል፤ ቀጣዩ ፕሮሊን ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፈዋል። ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን ፕሮሊንና ግሉታሚን ስለሚበዛበት ሳይፈጩ የሚቀሩ ረጃጅም ቁርጥራጮች ይኖሩታል፤ ከእነዚህ የታወቀው 33 አሚኖ አሲዶች ያሉት ነው። ግሉተን አንጀታቸውን በሚጎዳባቸው፣ ሴሊያክ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ የመከላከል ሥርዓቱን የሚቀሰቅሱት እንዲህ ያሉ ቁርጥራጮች ናቸው።

ሰውነት ይህንኑ ባሕርይ ለጥቅሙም አውሎታል፤ ፕሮሊን ያለባቸው መልእክተኛ ፔፕታይዶች በቀላሉ አይቆረጡም። በብራዚል የምትገኘው ጃራራካ የተባለች እፉኝት መርዝ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገውን ኢንዛይም የሚያግዱ ፕሮሊን የበዛባቸው ፔፕታይዶች አሉት። ተመራማሪዎች ከእነሱ ተነሥተው ካፕቶፕሪል የተባለውን የደም ግፊት መድኃኒት ሠሩ፤ በ1981 ለሕክምና ተፈቀደ። ካፕቶፕሪል በቅርጹ ትንሽ ጭማሪ የተደረገበት ፕሮሊን ነው።

ፕሮሊን ያለ ኢንዛይም ኬሚካዊ ለውጥን ማፋጠን ይችላል?

ይችላል፤ ያውም ከኢንዛይም ባልተናነሰ ብልሃት። በ2000 ቤንጃሚን ሊስትና ባልደረቦቹ፣ ፕሮሊን ብቻውን የግራና የቀኝ መልክ ያላቸውን ሞለኪውሎች እየለየ እንደሚሠራ አሳዩ። ናይትሮጅኑ ኬቶን ከሚባለው ውሁድ ጋር ሲገናኝ ኢሚኒየም የተባለ አወንታዊ ሙል ያለው ድርብ ትስስር ይፈጥራል፤ ካርቦክሲሉ ደግሞ መጪውን ሞለኪውል በአንድ አቅጣጫ እንዲጠጋ ይመራዋል። ሥራው ሲያልቅ ፕሮሊን እንደነበረ ተመልሶ ይወጣል። ሊስት በዚህ መስክ ከዴቪድ ማክሚላን ጋር የ2021ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ከሕይወት በፊት አሚኖ አሲድ ከየት መጣ?

አንዱ መንገድ በኢሚን በኩል ያልፋል። አዶልፍ ሽትሬከር በ1850 አሴታልዲሃይድን፣ አሞንያንና ሃይድሮጅን ሳያናይድን አገናኝቶ አላኒን ሠራ። መጀመሪያ አሴታልዲሃይድና አሞንያ ተገናኝተው ኢሚን ይሆናሉ፤ ሳያናይዱ በኢሚኑ ካርቦን ላይ ይቀመጣል፤ በመጨረሻ ውሃ ሳያናይዱን ወደ ካርቦክሲል ይለውጠዋል። ስታንሊ ሚለር በ1953 የጥንቷን ምድር አየር ለመምሰል በተዘጋጁ ጋዞች ውስጥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ሲያሳልፍ ያገኛቸው አሚኖ አሲዶችም በዋናነት የተፈጠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

ከምድር ውጭም ተገኝተዋል። በመስከረም 1969 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አውስትራሊያ ውስጥ መርቺሰን በተባለ ስፍራ የወደቀው የሰማይ ድንጋይ ከ70 በላይ የአሚኖ አሲድ ዓይነቶች ይዟል፤ ብዙዎቹ በምድር ሕይወት ውስጥ የማይታወቁ ናቸው። ከእነዚህ መካከል አይሶቫሊን የተባለው ከቀኙ ይልቅ የግራው መልክ በመጠኑ በልጦ ይገኝበታል።